ተምቹና የመሪጌታ አንደበት

ሰው ስለ አንበጣ ሲያወራ እሰማለሁ። ሰማዩን አጨለመው፣ ከባሕር ማዶ መጣ፣ እንዲህ አደረገ ይላል። ምን ያስደንቃል? ክንፍ አለው፤ ይበራል። እኔን የሚገርመኝ ክንፍ ሳይኖረው አገር የሚያቋርጠው ነው። መዥገር የበሬ ጆሮ ውስጥ ተመቻችቶ ገበያ ይወጣል። ቁንጫ ከእንግዳ ጋር ትገባና እንግዳው ሲሄድ እሷ ትቀራለች። ቅማልማ በጣሊያን ጊዜ በወታደር ካፖርት ስንቱን አገር ዞራለች! እነዚህ ግን ተሸካሚ አላቸው። በገዛ እግሩ የሚሰደድ ከፈለጋችሁ ተምች አለላችሁ።

ተምች አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጠቆር ያለ ትል ነው፤ ከትንሽ ጣት አይበልጥም። አንዱን ብቻ ብታዩት ዶሮ ትብላው ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ክፋቱ ብቻውን አይመጣም። የያዘውን መስክ ግጦ ሲጨርስ ሁሉም ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ያዞርና መሬት ለመሬት ይተማል። ደረቅ ሣር ላይ ሲሄድ ደግሞ ድምፁ ይሰማል፤ ካፊያ የሚጥል ነው የሚመስለው።

በጣሊያን ጊዜ፣ ክረምት ሲገባ፣ እኛ መንደር የመጣው እንደዚሁ ነው። መንደራችን ከደብረ ማርቆስ በታች፣ መንገድ ዳር ነበረች። እኔ አዲስ ጎጆ ወጪ ነኝ። ከባለቤቴ ከዘርፌ ጋር የዘራነው ገብስ ገና ቅጠል ማውጣቱ ነው። ተምቹ ከታች ከግጦሹ ተነሥቶ ሽቅብ መጣብን።

ጠበል ተረጨ፣ ምሕላ ተያዘ። በመጨረሻ አጎቴ መሪጌታ አስማረ፣ “እግዜር እስኪሰማን ዶማ አምጡ!” አሉ። መሪጌታ ዲማ ተቀምጠው ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። እንዲህ አጭር ሲናገሩ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ ውኃ እንኳ ሲጠማቸው ከደመናው ጀምረው ነው የሚጠይቁት።

መንደሩ በሙሉ ወጥቶ በማሳው ግርጌ ረጅም ቦይ ቆፈረ። በእኛ በኩል ያለውን ጎኑን ቀጥ አድርገን ጠረብነው። ተምቹ እየተንከባለለ ገባ፤ መውጣት ግን አቃተው። አፈር መለስንበት። ገብሱ ተረፈ። ዘርፌ እልል አለች።

ለካ ከላይ ጉብታው ላይ የጣሊያን ምሽግ አለ! ከዚያ ሆኖ ቁልቁል ለሚያይ ሰው መንገድ ዳር የተቆፈረ ቦይ ምን ይመስለዋል? በነጋታው ወታደር ከበበን። ጣሊያኑ ሹም መጣ፤ ከጎኑ ከሩቅ አገር የመጣ ሐበሻ አስተርጓሚ ቆሟል።

ይህ ምንድን ነው ተባልን። ተምች ነው ብሎ መገላገል ነበር። አጎቴ ግን ኩታቸውን አስተካክለው ወደ ፊት ወጡ።

“ሠራዊት መጣብን” አሉ። “ያገኘውን እየፈጀ ሽቅብ ሲተም ጉድጓድ ምሰን ቀበርነው።”

አስተርጓሚው ተረጎመ። ሹሙ ፊቱ ቀላ።

“የት ነው የቀበራችሁት?”

“እርስዎ የቆሙበት ላይ።”

ሹሙ ዘሎ ወደ ኋላ አለ። “አለቃቸው ማን ነው?”

“አለቃማ ቢኖራቸው በሽማግሌ እንጨርሰው ነበር።”

ዘርፌ ከኋላቸው፣ “አጎትዬ፣ በሞቴ ትል ነው ይበሏቸው!” ትላለች። ሰምተዋታል። ግን የገዛ አነጋገራቸው ጥሟቸዋል፤ ቅኔ ለተማረ ሰው ከዚህ የበለጠ ፈተና የለም። ወታደሮቹ ጠመንጃ አቀባበሉ። በዚህ ጊዜ ዘርፌ ዶማውን ከእጄ ነጠቀችና ማንንም ሳትጠይቅ ቦዩን ትከፍተው ጀመር። ወንዶቹ ቆመን እናያለን። የበሰበሰው ተምች ሽታ ወጣ።

ሹሙ አፍንጫውን ይዞ ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ሳቀ። ወታደሮቹም ሳቁ። እኛም ተረፍን ብለን ሳቅን።

ሳቁ ሲያበቃ አስተርጓሚው ትእዛዙን ነገረን። ዛሬ ትል የተኛበት ነገ ሽፍታ ይተኛበታልና ቦዩን ድፈኑ። ገብሱም ካደገ ሰው ይደብቃል ብለው በቅሎዎቻቸውን ለቀቁበት። ተምች እንኳ ሥሩን ይተዋል፤ በቅሎ ከነሥሩ ነው የሚነቅለው። አጎቴን ደግሞ ደብረ ማርቆስ ወሰዷቸው። ስለ ትል እንዲህ የሚናገር ሰው ስለ ትል ብቻ አይናገርም፣ አለ አሉ ሹሙ። አስተርጓሚውም አብሮ ሄደ።

እኛ ምን እንብላ? ሮብ ገበያ ወዳሉት ዘመዶቻችን ተነሣን። ከነከብቱ ከነልጁ መንደሩ ሁሉ በአንድ መንገድ ሽቅብ ሲተም፣ ማሳ ያለው ሁሉ ደጁ ላይ ወጥቶ በፍርሃት ያየናል። እግዜር ይስጣቸው፣ ቦይ አልቆፈሩብንም።

መስቀል ካለፈ በኋላ አጎቴ ተፈቱና ሮብ ገበያ ድረስ መጡ። ከስተዋል። ዘርፌ እግራቸውን እያጠበች ምን አድርገዋቸው እንደነበር ጠየቀቻቸው።

“ደብረ ማርቆስ ያለው ሹም ትሉን አላየ” አሉ። “የሠራዊቱ አለቃ ማን ነው እያለ ያስገርፈኛል። ትል ነው ብዬ በእግዜር ስም ማልኩ። አሁን ቃልህን ለወጥክ ወይ እያለ ጨመረልኝ።”

“ታዲያ እንዴት ለቀቁዎት?”

“ስም ሰጠሁት።”

“የማንን?”

“የአስተርጓሚውን።”

ዘርፌ ሳቋ አመለጣት። እኔም ሳቅሁ። “የሚተረጉመው እሱ ራሱ አይደል? እንዴት አሳለፈው?” አልኩ።

“ስም መች አስተርጓሚ ይሻል። ሹሙ በገዛ ጆሮው ሰማው።”

እሳቸው አልሳቁም። ሰውየውን ሲጎትቱት፣ “መሪጌታ፣ ትል ነው ይበሏቸው፣ ስለ ማርያም!” እያለ በአማርኛ ሲለምናቸው እንደነበር ነገሩን። ምን መለሱለት ብለን አልጠየቅንም።

ከዚያ ወዲያ ቅኔ ሲቀኙ የሰማ የለም። አገሩ ሁሉ እስከ ዛሬ ሲያዝን፣ የመሪጌታን አንደበት የዘጋው ጣሊያን ነው ይላል። እኔና ዘርፌም፣ አዎ፣ ጣሊያን ነው እንላለን።