አቶ ኪዳነወልድና የኦቦ ጃራ ስቲከር

ሰው ቤት ሲገባ የግድግዳ ፎቶ ሳያቃና የማይቀመጥ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ለቡራዩ የደረሷት ክቡር አቶ ኪዳነወልድ ናቸው። ለቅሶ ቤት ገብተው «እግዜር ያጥናችሁ» ከማለታቸው በፊት የሟቹን ፎቶ ያቃናሉ። «ልክ አይደለም» የምትል ቃል አለቻቸው፤ ሚስታቸው አረጋሽ ከሠርጓ ቀን ጀምሮ፣ ስለ ቬሎዋም ጭምር፣ ስትሰማት ኖራለች።

ጡረታ ሲወጡ ጭራሽ ባሰባቸው። ከፕላስቲክ እየቆረጡ ትንንሽ መኪና መሥራት ጀመሩ። መኪናው ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ታርጋውም ጥቅሱም እንደ እውነተኛው ካልሆነ እንቅልፍ የለም። ጽሑፉን በኮምፒውተር አሳንሰው በልዩ ወረቀት ያትሙታል፤ ውሃ ሲነካው ስስ ሽፋኑ ከነጽሑፉ ይለቃል፤ እሱን በወረንጦ አንስተው መኪናው ላይ ያሳርፋሉ። መንከሪያው የአረጋሽ የእንግዳ ሳህን ነው። መጀመሪያ ቫርኒሽ ሳይቀቡ ነክረውት ቀለሙ ለቀቀና ሳህኑ ቀይ ወጥ መሰለ። በሌላ ቀን ቫርኒሽ ቀቡ፤ አረጋሽ ሽታውን ሸሽታ በረንዳ ላይ ዋለች።

ይኸው ጠባይ ነው ከጎረቤታቸው ከኦቦ ጃራ ጋር ያቆራረጣቸው። ኦቦ ጃራ አሮጌ አውቶብስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። የኋላው መስታወት ላይ «ሱታ ዴሚ»፣ ቀስ ብለህ ሂድ፣ የሚል ቀይ ስቲከር ነበር፤ ወደ ግራ ተንጋዷል። አቶ ኪዳነወልድ ችለው ችለው፣ አንድ ቀን ሊያቃኑት ምላጭ ይዘው ሄዱ። ጥጉን መላጥ እንደጀመሩ ኦቦ ጃራ ደረሱና ምላጩን ነጥቀው ገቡ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታም ቀረ። ለካስ ስቲከሩን ጄሪካን ላይ ቆማ የለጠፈችው ሟች ሚስታቸው ገለቴ ኖራለች። አረጋሽ ይህን ስትነግራቸው ክቡርነታቸው እህል አልቀመሱም።

አሁን አውቶብሱ ተሸጧል። ኦቦ ጃራም እሁድ ጓዛቸውን ጠቅልለው ተፍኪ፣ ልጃቸው ፌኔት ዘንድ ሊገቡ ነው። እንደተኳረፉ ከሄዱ መቼም መታረቂያ የለም። አረጋሽ ሽማግሌ እንላክ ብትላቸው ምን ብዬ አሉና ወረንጦአቸውን አነሱ። ሳምንቱን ሙሉ ከዳቦ የማትበልጥ አውቶብስ ላይ አጎንብሰው ሰነበቱ።

ቅዳሜ አረጋሽ ብታይ፣ አውቶብሷ ላይ ያለው ስቲከር ተንጋዷል። ዕድሜ ልኳን የጠበቀችው ቀን!

«ልክ አይደለም» አለቻቸው፣ ደስ እያላት።

«ልክ ነው» አሉ።

ይህችን ቃል ከአፋቸው ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ያኔ ገባት። ነጠላዋን አንስታ አብራቸው ሄደች።

ኦቦ ጃራ ዕቃ እያሰሩ ነበር። አውቶብሷን ተቀበሉ፤ ኋላዋን አዙረው ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«ትወድቂያለሽ፣ ውረጂ ስላት እየሳቀች ነው አጣማ የለጠፈችው» አሉ። ከዚያ ወንበር ሳቡ። «ተቀመጥ እንጂ፣ ኪዳኔ።»

ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ካላንደሩ ተንጋዷል። አቶ ኪዳነወልድ አዩት፤ እጃቸውን ጉልበታቸው መሀል ወትፈው ተቀመጡ። እስኪወጡ ድረስም አልነኩት። የአረጋሽን አንጀት በሉት። ሲመለሱ ቀድማቸው ገባችና የሠርጋቸውን ፎቶ በአንድ ጣቷ ገፋ አድርጋ አጣመመችላቸው።