ጫት የዘገየ ለት

ሰው ሥራውን በስንት ዓይነት ይጠየቃል መሰላችሁ! እዚህ ጅቡቲ የታክሲ በር ገና ሳትዘጉ ሾፌሩ አገራችሁንም ሥራችሁንም ይጠይቃችኋል። አንዱ እንዲሁ ጠየቀኝ። ዩኒቨርሲቲ ትሮምቦን አስተምራለሁ አልኩት። ጭኔ ላይ ያጋደምኩትን ሣጥን አየ። ትሮምቦን ማለት እየገፉና እየሳቡ የሚነፉት ረዥም የነሐስ ጥሩምባ ነው ብዬም አስረዳሁት። ራሱን ነቀነቀና፣ "እሱስ ይሁን ወንድሜ፤ የምትበላበት ሥራህ ምንድን ነው?" አለኝ።

አልተቀየምኩትም። እናቴም ብትሆን እስክትሞት የጠየቀችኝ ይኼንኑ ነው።

ወጣትነቴን አዲስ አበባ ማርሽ ባንድ ውስጥ ስነፋ ጨርሼ፣ ፀጉሬ ሲሸብት እዚህ መምህር ይፈለጋል ተባለና መጣሁ። ሠፈሬ "ፕሮፌሰር ሊሆን ነው" ብሎ በእልልታ ሸኘኝ። ጅቡቲ ግን ለትሮምቦን የተፈጠረች አገር አይደለችም። ሙቀቱ ሲብስ ነሐሱ ከንፈር ይጠብሳል። ነፋስ ሲነሣ አሸዋ ይገባበትና ሲስቡት ሲጥ ሲጥ ይላል። ድምፁማ አይነሣ! አንድ ጊዜ ዶራሌ ወደብ፣ ለአንድ ድርጅት በዓል ንፋልን ተብዬ ሄድኩ። ገና ወፍራሟን ድምፅ ስለቃት ከፊቴ የነበረ ከባድ መኪና ጥጉን ይዞ መንገድ ለቀቀልኝ። ሾፌሩ ያገሬ ልጅ ነው። በመስኮት እጁን አውጥቶ "እለፍ!" ይለኛል። በምን ልለፍ?

ያኔ ነገሩን ልብ ማለት ነበረብኝ። ግን ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ?

ተማሪስ አትሉኝም? ትምህርቴ የሚሰጠው ከሰዓት በኋላ ነው። ጅቡቲ ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ! እኩለ ቀን አለፍ ሲል ጫት ከኛ አገር ይገባል። የጫቷ መኪና ጥሩምባዋን እያስጮኸች በየካርቲየው፣ በየሠፈሩ ማለቴ ነው፣ ትበራለች። ያንን ድምፅ የሰማ ሰው የያዘውን ይጥላል። ከዚያ ወዲያ ቢሮ የለ፣ ቀጠሮ የለ፣ ትሮምቦን የለ። የሚመጡልኝ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ እነሱም ክፍሌ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሊተኙ ነው። እኔ አልቅምም። ጨዋ ሆኜ አይደለም፤ ከንፈሬ እንጀራዬ ስለሆነ ነው።

ታዲያ የትምህርቱ ዘመን ሊያልቅ ሲል ዲኑ ጠራኝ። ዶክተር ዑመር ይባላል፤ በዚያ ሙቀት ከረባቱን የማይፈታ ኩሩ ሰው ነው። ለሕዝብ አንድ ኮንሰርት ያቀርባሉ፤ አዳራሹ ከሞላ ይቀጥላሉ፤ ካልሞላ ክፍሉ ይዘጋል፣ እርስዎም ወደ አገርዎ ይመለሳሉ አለኝ። በጣም በትሕትና ነው ያለኝ። ፈራሁ፤ ምን እደብቃችኋለሁ! በዚህ ዕድሜዬ ትሮምቦን ነፊ ብሎ ማን ይቀጥረኛል? ያ በእልልታ የሸኘኝ ሠፈርስ "ምነው ፕሮፌሰር፣ በደህና?" ሲለኝ ምን ልመልስ ነው?

ኮንሰርቱ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሠፈር፣ አንድ የኪራይ አዳራሽ ውስጥ ሆነ። ሰዓቱን የቆረጠው ዲኑ ነው፤ ቀትር ላይ ጀምረን ጫት ሳይገባ እንጨርሳለን ብሎ። ቀኑ ደረሰ። ወንበሩ ሁሉ ባዶ! ፊት ለፊት ዲኑ፣ በር ላይ ዘበኛው፣ መሀል ላይ ዘነበች። ዘነበች ፈረንሳዮች ቤት ተቀጥራ የምትኖር ያገሬ ልጅ ናት። "ጋሼ ብቻዎን እንዳይሆኑ ብዬ ነው" አለችኝ፣ የገበያ ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች። እንባዬ መጣ። ላብ አስመስዬ ጠረግሁት።

ይባስ ብሎ መብራት ጠፋ። መስኮቱን ሁሉ ከፋፈትን። ሰው ይመጣል ብለን ስንጠብቅ የጫቱ ሰዓት ደረሰ፤ አለፈም። ለካ ያን ለት መኪናዋ መንገድ ላይ ተበላሽታ ኖሯል። የሠፈሩ ሰው ደጅ ደጁ ላይ ተኮልኩሎ ጆሮውን አቁሟል። እኔ በምን ልወቅ?

"በቃ ይጀምሩ" አለ ዲኑ፣ ሰዓቱን እያየ። አየር ሳብኩና ያቺን የዶራሌዋን ድምፅ ለቀቅኳት።

መጀመሪያ ማን የተነሣ ይመስላችኋል? ዲኑ! ከረባቱ ትከሻው ላይ እየተውለበለበ ወደ በሩ ሮጠ። በሩ ላይ ግን ከሚገባው ሕዝብ ጋር ተላተመ። ከፊት ፋጡማ ናት፤ ጥግ ላይ ጃንጥላ ዘርግታ ጫት የምትቸረችር፣ ከኛ ነጋዴዎች አማርኛ የለመደች ሴትዮ። "የታለች መኪናዋ? ወላሂ እዚህ ገብታለች!" ትላለች። መኪና እንዴት አዳራሽ ይገባል? ሐራራ የያዘው ሰው ይኼን አይጠይቅም።

ላቆም ስል ሰዉ ሊወጣ ይነሣል። ስነፋ "ኧረ ቀርባለች!" ብሎ ይቀመጣል። ምን ላድርግ? ነፋሁ። ማርሹን፣ ዋልሱን፣ የሠርጉን ዘፈን፣ ሲያልቅብኝ የቀብሩን ማርሽ ሳይቀር ነፋሁ። እንደዚያ ያለ አድማጭ በዕድሜዬ አላየሁም። የሚያስል የለ፣ ስልክ የሚነካካ የለ። ለጫት እንደመጡ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

በመጨረሻ እውነተኛዋ መኪና ውጭ ጮኸች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ አዳራሹ ባንዴ ወና ሆነ። ዘነበች ብቻዋን አጨበጨበች።

በማግስቱ ዲኑ አስጠራኝ። ሌሊቱን ዱካክ፣ ያ የቃሚ ቅዠት፣ ሲጫወትበት ያደረ ይመስላል። "ፕሮፌሴር፣ አዳራሹ ሞልቷል። ግን ለእርስዎ ሳይሆን ለጫት ነው" አለኝ።

"ልክ ነዎት" አልኩት። "እንደሱ ብለው ለበላይ ይጻፉ። ማን ቀድሞ እንደሮጠም እንዳይረሱ።"

ከረባቱን አስተካከለ። ኋላ የጻፈውን ሪፖርት አሳየኝ፤ "መምህሩ የመጀመሪያዋን ድምፅ እንዳሰሙ ተመልካቹ በክብር ከመቀመጫው ተነሥቷል" ይላል። ከ"በክብር" በቀር ምን ሐሰት አለው?

ውሌ ታደሰ። ዘንድሮ መጀመሪያ ልትመዘገብ የመጣችው ፋጡማ ናት። "ሙዚቃውን ተወው ፕሮፌሴር፤ ያቺን አንዷን ድምፅ ብቻ አሳየኝ" አለችኝ። ጥበብ እንዲህ አትቸረቸርም ብዬ መለስኳት።

ትናንት ታክሲ ያዝኩ። ሾፌሩ ያው ሥራዬን ጠየቀኝ። ትሮምቦን ልል አልኩና ተውኩት። "ጫት ሲዘገይ እነፋለሁ" አልኩት።

ፍሬኑን ሲጥ አደረገው። ዞሮ ሣጥኑን አየ፣ እኔን አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ዛሬም ትዘገያለች እንዴ?"