የሐይቅ ዳር መንደር መራጭ ዐቢይ ኮሚቴ

አራዳ ውስጥ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ ባለፈው ኅዳር፣ ትውልድ ሊዘክረው የሚገባ ውሳኔ ተላለፈ። ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ያገለገሉት ወይዘሮ የትነበርሽ በጥር መጨረሻ ጡረታ ስለሚወጡ፣ ባልደረቦቻቸው ጣና ዳር ካለ መንደር ወስደው፣ ቅዳሜና እሁድን አብረዋቸው ውለው አድረው እንዲያሰናብቷቸው ተወሰነ። ወይዘሮ የትነበርሽ ሐይቁን አይተውት አያውቁም። ባላቸው በሕይወት ሳሉ «ለከርሞ እንሄዳለን» ይሏቸው ነበር።

ወዲያው መንደሩን የሚመርጥ ዐቢይ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ አዳሙ ሲሆኑ፣ ቃለ ጉባኤ ያዧ ራሳቸው ወይዘሮ የትነበርሽ ሆኑ፤ እንደሳቸው የሚነበብ ጽሑፍ ያለው ሰው አልነበረም።

«ለኔ ጎርጎራ ይበቃኛል» አሉ በመጀመሪያው ስብሰባ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይሉ።

«ወይዘሮ የትነበርሽ፣ ‹ይበቃኛል› መስፈርት አይደለም» አሏቸው አቶ አዳሙ በአክብሮት። «ለርስዎ የሚገባው በጥናት የተደገፈ መንደር ነው።»

ይህም ተጻፈ።

ኮሚቴው በታኅሣሥ አንዱን ቅዳሜና እሁድ ጎርጎራ፣ ቀጣዩን ደልጊ አድሮ አጠና። ወይዘሮ የትነበርሽ ግን ቀሩ፤ ገምጋሚና ተጠቃሚ በአንድ መኪና መጓዛቸው የጥናቱን ገለልተኝነት ይጎዳል ተብሎ። የሁለቱ መንደሮች ውኃ እጅግ ተቀራራቢ ሆኖ በመገኘቱም ሰፊ ውይይት ተደረገ። አንድ ሐይቅ ስለሆነ ነው ያለው አባል ሐሳቡ በአስተያየት ደረጃ ተያዘለት።

ነገሩ ሊቋጭ ሲል ከባድ ጉድለት ተገኘ። ጥናቱ የተካሄደው በገና ጾም ስለነበር ዓሣው አልተቀመሰም። ዓሣው ያልተቀመሰ መንደር ደግሞ በምን ሕሊና ይመረጣል? ስለዚህ ጾሙ እንደተፈታ ኮሚቴው ራሱን ሳይቆጥብ በሁለቱም መንደሮች እንደገና አደረ፤ ጥብሱንም ወጡንም በየተራ መረመረ።

ጥር ሲያልቅ አባላቱ ከድካም የተነሣ ሐይቅ የሚባል ነገር መስማት አልፈለጉም። ሚስቶቻቸውም ቅሬታ አቅርበው ነበር። ሽኝቱ በመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ሆነ። አቶ አዳሙ ረጅም ንግግር ካደረጉ በኋላ «እርስዎን ወደ ሐይቁ ከማንከራተት ሐይቁን ወደርስዎ አምጥተነዋል» ብለው፣ በፍሬም የገባ ትልቅ ፎቶግራፍ አበረከቱ። በፎቶግራፉ ላይ ለጥናት የሄዱት ስምንት የኮሚቴ አባላት ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ ፍሬሙን ከዳር እስከ ዳር ሞልተው ፈገግ ብለዋል።

ወይዘሮ የትነበርሽ መነጽራቸውን አድርገው ረጋ ብለው አዩት።

«ሸጋ ነው» አሉ። «ሐይቁ በየት በኩል ነው?»

«ከኋላችን ነዋ» አሉ አቶ አዳሙ፣ በኩራት።