ሽማግሌ የዳኘው ጎማ

«አልቆርጥም አልኩህ፣ ከድር! ሥጋው አልቆ አጥንቱ ላይ ደርሰናል!»

«አምናም እንዲሁ ብለህ ነበር! ከዚያ ቆረጥክልኝ፤ ይኸው ዓመት ሮጠ!»

አባቴና ጋሽ ከድር ናቸው። አባቴ ወልዴ ቡታጅራ ውስጥ ጎሚስታ ነው፣ ጋሽ ከድር ደግሞ የጭነት መኪና ሾፌር። በመሐላቸው የተጋደመው ጎማ ነው የጠቡ ባለቤት። ከሁሉም ዝምተኛው እሱ ነበር፤ እኔን ካልቆጠራችሁኝ።

መቼም እኛ «አለቀ» የሚል ቃል አንወድም። ቤታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩት፦ በጎማ የታሰረ ሪሞት፣ ክዳኑ ጠፍቶ በጨርቅ የተወተፈ ቴርሞስ፣ በአንድ ጆሮ ብቻ የሚዘፍን ኢርፎን (ይሄኛው የእኔ ነው)። ነውር የለውም። ዕቃን እስከ መጨረሻው ማኖር ሙያ ነው። ችግሩ መጨረሻው የት እንደሆነ አለመስማማታችን ነው።

የጭነት መኪና ጎማ ደግሞ ከብዙዎቻችን የበለጠ ዕድሜ ተሰጥቶታል። ጥርሱ ሲያልቅ፣ ፋብሪካው ከሥር ወፍራም ላስቲክ ትቶለት ከሆነ፣ አባቴ በኤሌክትሪክ በሚግል ምላጭ አዲስ ጥርስ ያወጣለታል። ላስቲኩ እንደ ጥቁር ፓስታ እየተጠቀለለ ሲወጣ ብታዩት ደስ ይላችኋል፤ ሽታውን ግን አልመክርም። ያም ሲያልቅ፣ አካሉ ጤነኛ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ሄዶ አዲስ ገጽ ይለበጥና እንደገና ኋላ እግር ላይ ይሠራል። ብቻ ምላጩ ከሥር ያለውን ሽቦ መንካት የለበትም። ከነካው መለበጥ ቀረ፣ መታመንም ቀረ።

የመለካቱ ሥራ የእኔ ነው። ጎማው ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ ሚስማር አስገባባቸዋለሁ። ሚስማሩ የገባውን ያህል መቁረጥ ይቻላል። የጋሽ ከድር ጎማ ግን አምና አንዴ ተቆርጧል። ዛሬ ሚስማሬ ቢዞር ቢዞር መግቢያ አጣ። ጮክ ብዬ መናገር ስለማልችል ለአባቴ በጆሮው ነገርኩት። እሱ ጮኸልኝ።

ጋሽ ከድር ይህን ጎማ ይወደዋል። የፊት ቀኝ እግር ላይ ሆኖ አንድ ቀን አላሳፈረውም። ከመኪናው ሥር ደግሞ ገና ወረቀቱ ያልተላጠ አዲስ ስኮርታ ጎማ አስሯል። «እሱን እሰረው» ሲባል «እሱማ ለክፉ ቀን ነው!» ይላል። ክፉ ቀን እስኪመጣ አዲሱ ይቀመጣል፣ ክፉ ቀንን የሚያመጣው አሮጌ ይሮጣል።

እዚህ አገር ሁለት ሰው ከጮኸ ሦስተኛው ሽማግሌ ይሆናል። አባባ ሸምሱ ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ ጩኸቱን ሰምተው ገቡ። አባባ ሸምሱ ድንበር ያካፈሉ፣ ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁ ሰው ናቸው።

«አሰላሙ አለይኩም! ምንድነው በአደባባይ? አታፍሩም?»

በርጩማ ቀረበላቸው። የባጃጅ ልጆች ሳይቀሩ ሞተራቸውን አጥፍተው ከበቡን። ጋሽ ከድር ሁለት ሚሊ ሜትር እንዲቆረጥለት ጠየቀ። አባቴ ምንም አይቆረጥም አለ። አባባ ሸምሱ ጢማቸውን እያሻሹ ፈረዱ።

«አንተም ትንሽ ተው፤ አንተም ትንሽ ተው። አንድ ይሁን።»

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ አባባ ሸምሱ ወደ አባቴ ጠጋ አሉና፣ «ለመሆኑ ሚሊ ሜትር ምን ታህላለች?» ብለው ጠየቁ። አባቴ የጥፍሩን ጫፍ አሳያቸው።

«አላህ ይይላችሁ! ለዚህች ነው የተጣላችሁት?»

እንግዲህ ንገሩኝ፤ ሽማግሌ እንዴት እምቢ ይባላል? ድንበር መሐል ለመሐል ይካፈላል፣ የከብት ዋጋ መሐል ለመሐል ይካፈላል። ሽቦ ግን ሽምግልና አልለመደም። አባቴ ይህን ያውቃል። ግን ነገ ከዚያው ሰፈር ሰው ጋር ነው የሚኖረው። ምላጩን ሰካ። መጋል ጀመረ። የአባቴ ግንባር በላብ ተሞላ፤ እጁ ግን አልተንቀሳቀሰም። ሃያ ዓመት ሲቆርጥ ሰው የሚጥል ጥርስ አውጥቶ አያውቅም። ዓይኑን ወደ እኔ ወረወረ።

እኔ ምን ልበል? ክፍል ውስጥ «አቤት» ለማለት እንኳ ሁለቴ የምጠራ ልጅ ነኝ። ጊዜ ለመግዛት ያህል፣ ለጫማዬ የምናገር መስዬ፣

«ጋሽ ከድር… ዛሬ ብቻዎን ነው የሚሄዱት?» አልኩ።

ጋሽ ከድር ፊቱ በራ። «ምን ብቻዬን! አባባ ሸምሱን ይዤ ነው እንጂ! ወልቂጤ የልጅ ልጃቸው ኒካህ አለ። ጋቢና ነው የማስቀምጣቸው፣ በክብር፣ እዚሁ ጎማ አናት ላይ! ያንን ተራራ ቁልቁል እንደ ላባ ነው የማወርዳቸው!»

አባባ ሸምሱ ጢማቸውን ማሻሸት አቆሙ። በርጩማቸውን ወደ ጎማው ሳብ አድርገው ጎንበስ አሉ። ሚስማሬን ተቀበሉኝ። አንድ ቦታ ሞከሩ፤ አልገባም። ሌላ ቦታ ሞከሩ።

«ልጄ፣ ቀዳዳው የታል?»

«አልቋል፣ አባባ።»

«ከዚህ ሥርስ ምንድነው ያለው?»

«ሽቦ ነው።»

«ከሽቦው ሥርስ?»

«አየር ነው፣ አባባ።»

አንድ የባጃጅ ልጅ ሳቁ አመለጠው። አባባ ሸምሱ ሚስማሩን መዳፌ ላይ አስቀመጡ። ተነሡ፣ ጋቢያቸውን አራገፉ፣ ወደ መናኸሪያው አቅጣጫ ዞሩ።

«አባባ! የት ነው?» አለ ጋሽ ከድር። «እሺ፣ አይቆረጥም! ወልዴ፣ ንቀለው! አባባ፣ ይኸው ምላጩ ተነቀለ! ይለበጥ ብያለሁ፣ አዲስ አበባ ይላካል! ስኮርታውን ነው የማስረው፣ ወላሂ አዲሱን!»

አባቴ እየሳቀ ግንባሩን ጠረገ። አባባ ሸምሱ ግን ዞር አላሉም። ከዘራቸውን ቀጭ ቀጭ እያደረጉ አስፋልቱን ተሻገሩ፣ «ወልቂጤ! ወልቂጤ! አንድ ሰው!» ወደሚለው ረዳት ቀጥ ብለው ሄዱ።