የሐጂ ሁለት ሰንጋዎችና የሚያንጠባጥበው ትራንስፈር

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ሐኪም ፊት ያደረግኩትን ብነግራችሁ አታምኑኝም!

ዶክተሩ የጉልበቴን ራጅ አየና፣ «አባባ፣ ይሄ ጉልበት መቀየር ሳይኖርበት አይቀርም» አለኝ። እኔ በሳቅ ፈነዳሁ። ልጄ ደንግጣ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

ምን ላድርግ? «ይቀየር» ሲባል በሰማሁ ቁጥር አዴ ሎኮ የሚባሉ ወተት ሻጭ ይመጡብኛል።

እንግዲህ ስሙኝ። ይህን ጉድ ለሚስቴም አልተናዘዝኩም!

በጃንሆይ ጊዜ ነው። የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ፣ ነጌሌ ቦረና ላይ የሐጂ ዑመር የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። ፀጉሬ አፍሮ፣ መነጽሬ ጥቁር። ያኔ ላይክ የሚባል ነገር ቢኖር ከነጌሌ እስከ ሞያሌ ያለው ሁሉ የኔ ነበር!

መኪናዋ በፊትም በኋላም እግሯ የምትስብ ናት። ጉልበቱን ለሁለቱ የሚያካፍለው ከሆዷ ሥር ያለ የጥርስ ሳጥን ነው፤ ትራንስፈር ይባላል። እሱ ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ።

መጀመሪያ ጠብ ጠብ አለ። አሬሮ ደርሰን ስንመለስ ግን መንገዱን ሁሉ በዘይት አስምረን ገባን።

ዝናብ ደግሞ ደርሷል። ያለፊት እግሯ ከሊበን ጭቃ የሚያወጣት የለም። ሐጂ ጨነቃቸው። «ልጄ፣ ይጠገን ወይስ ይቀየር?» አሉኝ።

እዚህ ላይ «እስቲ ልየው» የሚል ሰው አለ። እኔ ግን አፍሮ ነበረኝ።

«ሐጂ፣ ይሄ ሞቷል። ይቀየር!»

አዲሱ ዕቃ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ሐጂ እሱን ለመግዛት ለልጃቸው ለፋጡማ ሰርግ ያደለቧቸውን ሁለት ሰንጋዎች ሊሸጡ ወሰኑ። ሰርጉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል! ፋጡማ ከደጃፍ ቆማ አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሰንጋዎቹ ገበያ ሊነዱ ከመኪናዋ ጎን ታስረው ቆሙ። አዴ ሎኮ መጡ። ከሊበን ወተት እያመጡ የሚሸጡ፣ በኛ መኪና የሚመላለሱ እናት ናቸው።

«አካም፣ ሹፌር! ናጋ?»

«ናጋ፣ አዴ። መኪናዋ ታማለች።»

ጎንበስ ብለው አዩ። «በዚህም በዚያም ያልበዋል» አሉ። «ወተት የሚረጋበት ጮጮ እንዲህ ያደርጋል። ክዳኑን አጥብቀህ ከዘጋኸው ያብጣል፣ በስፌቱ ይወጣል። ይሄ ያንተ ሳጥን በየት ነው የሚተነፍሰው?»

ሳቅኩባቸው። «አዴ፣ ይሄ እኮ የመኪና ዕቃ ነው! ጮጮ አይደለም!»

ሳቄ መሃል ላይ ቀጥ አለ።

ከሳጥኑ አናት ላይ፣ ሲሞቅ የሚተነፍስባት አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ነበረች። ከጥቂት ቀናት በፊት፣ ያ ቀይ አቧራ እንዳይገባ ብዬ፣ ከግራር እንጨት ውታፍ ጠርቤ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ በመዶሻ ቀርቅሬባታለሁ። በገዛ እጄ! ደግሞ በሥራዬ ኮርቼ አፏጭቼ ነበር።

ሹልክ ብዬ ከሥር ገባሁ። ማንም ሳያይ ነቅዬ ልጥለው አሰብኩ (አትፍረዱብኝ፣ እናንተም ታደርጉት ነበር)። ውታፉን በፒንሳ ያዝኩና ሳብኩት።

ፏ!

የታመቀው አየር ዘይቱን ይዞ ፊቴ ላይ ወጣ። አፍሮዬ ውስጥ ገባ። መነጽሬ ጠቆረ፣ ያውም ጥቁር ሆኖ ሳለ!

እየተንፏቀቅኩ ስወጣ ሐጂ ውታፉን ከእጄ ወሰዱት። «ይሄ ምንድን ነው?»

«አቧራ… ሳይገባ አይቀርም፣ ሐጂ።»

አዴ ሎኮ ውታፉን ተቀብለው አገላበጡት። «አቧራ እንጨት ይጠርባል?»

ወደ ገበያ የሚያልፈው ሰው ሁሉ በሳቅ አለቀ። ሐጂ ግን አልሳቁም። እኔም ከአገር ብጠፋ ደስ ባለኝ።

«እኔ ነኝ፣ ሐጂ። እኔ ነኝ የወተፍኩት። ይቅር ይበሉኝ።»

ሐጂ ሄደው የሰንጋዎቹን ገመድ ፈቱ።

ዘይቱን ሞልተን አሬሮ ደርሰን ተመለስን። ደረቅ! ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ። እኔ ከሥሩ የሚንጠባጠበውን ሳይ ሰነበትኩ፣ ነገሩ አናቱ ላይ ነበር።

ሰርጉ ላይ ፋጡማ ራሷ ከሁለቱም ሰንጋ ሥጋ አስላከችልኝ። ሐጂ ግን እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ባገኙኝ ቁጥር፣ «ልጄ፣ ትተነፍሳለህ?» ይሉኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ዛሬ ለዶክተሩ ነገርኩት። ሳቀና፣ «ለመሆኑ አባባ፣ በየቀኑ በእግር ይሂዱ ብዬዎት ነበር። ይሄዳሉ?» አለኝ።

ልጄ ቀደመችኝ። «የት ይሄዳል? ከጠዋት እስከ ማታ ቁጭ ብሎ ፖስት ያደርጋል!»

ወዳጆቼ፣ አሁንም ይሄን የጻፍኩላችሁ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ነው። እውነቱን ንገሩኝ፦ የጉልበቴ ውታፍ እናንተ ትሆኑ እንዴ?