ክቡር ሰብሳቢ ሱሀይብና የእራት ሰዓት

ተማሪ ባለበት ሁሉ አንድ ሰብሳቢ አይጠፋም። ማንም አይሾመውም፤ ሦስት ሰው ቆሞ ካየ ግን አጀንዳ ይዞ ከች ይላል። ነቀምቴ ባለ አንድ የፕሮቴስታንት ኮሌጅ ይህ ማዕረግ የክቡር ሱሀይብ ነበር። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ገበያው ዳር ጨርቅ የሚሸጡ ሙስሊም ናቸው። የተማሪዎች ማኅበሩን ሰብሳቢነትም ሌላ የሚፈልገው ስለጠፋ በምርጫ አግኝቶታል።

መከራውን የሚያውቀው የዶርም ጓደኛው ሞሲሳ ነው። የሲሬ ልጅ ነው፤ ዝም ብሎ መኖር የሚወድ። ማታ መስኮት ሊዘጋ ሲነሳ ሱሀይብ ከአልጋው ቀና ብሎ «ድምፅ ይሰጥበት» ይላል። ሦስተኛው የዶርሙ ልጅ፣ የመዘምራን መሪው እስራኤል፣ ሁልጊዜ ድምፀ ተዓቅቦ ነው። ስለዚህ አንድ ለአንድ ይወጡና መስኮቱ ገርበብ ብሎ ያድራል።

አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ አንዲት እናት ዶሮ ይዘው ሊገቡ ሲሉ ክቡርነቱ ዶሮዋ ትሳፈር አትሳፈር ብሎ ተሳፋሪውን ሊያስመርጥ ተነሳ።

«እኔ ገበያ መድረስ እንጂ መምረጥ መቼ አማረኝ» አሉ ሴትዮዋ።

ሹፌሩም «ስትስማሙ ጥሩኝ» ብሎ ሻይ ሊጠጣ ሄደ።

በጠዋቱ የጸሎት ፕሮግራም ላይ እንኳ ሰባኪው «ሁላችንም አሜን ብለናል» ሲሉ ከኋላ እጁን አውጥቶ፣ «ይቅርታ ፓስተር፣ አሜን ያላልነው በቃለ ጉባኤ ይያዝልን» አላቸው። ፓስተሩ እየሳቁ አስያዙለት።

ረመዳን ሲገባ ግን ሰብሳቢው ዝም አለ። የኮሌጁ ካፌ እራት አቅርቦ የሚዘጋው ፀሐይ ሳትጠልቅ ስለሆነ፣ ሱሀይብ የሚያፈጥረው ዶርም ውስጥ በቴምርና በደረቅ ዳቦ ነው።

«አንተ ሱሀይብ፣ ለምን አጀንዳ አታስይዝም?» አለው ሞሲሳ።

«አይሆንም። የገዛ ሆዴ ጉዳይ ነው፤ የጥቅም ግጭት አለብኝ።»

ሞሲሳ በገነ። ስለ መስኮት ሲያስመርጠው የከረመ ሰው ስለ ሆዱ ሲሆን ሕግ ጠቀሰበት። ቅዳሜ በተማሪዎች ስብሰባ ላይ ራሱ ተነስቶ፣ «በረመዳን እራት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይገፋ» አለ።

አዳራሹ አጉረመረመ። ያ ሰዓት የመዘምራን ልምምድ ነው። ሁሉም ወደ እስራኤል ዞረ።

«ልምምዱን ከእራት በፊት እናድርገው፤ ሳንበላ እንለማመዳለን» አለ እስራኤል ተነስቶ። «ርቦንም ድምፃችን ያው ነው።»

«እሱስ ከዚህ አይብስም» አለ አንዱ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

ሱሀይብ ግን አልሳቀም። «ማን እንደደገፈኝና ማን እንደተቃወመኝ ማየት የለብኝም» ብሎ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዞረ። እስራኤል የወጡትን እጆች ቆጠረ፤ ደግሞ ቆጠረ፤ ግራ ገባው።

«ድምፁ ከሰዉ በአንድ በለጠ።»

ሱሀይብ ፊቱን ሳይመልስ፣ «ሞሲሳ፣ አንዱን እጅህን አውርድ» አለ።

ሞሲሳ ግራውን አወረደ። ቀኙን ግን ስብሰባው እስኪበተን ድረስ አላወረደም።