ሰፈሩን ያስለቀሰ ሙዚቀኛ

«ስሞት ነው የምትረዱኝ» የሚል ሙዚቀኛ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ፀጉሩን እንደ አውራ ዶሮ ያቆመ፣ ጊታርና ላፕቶፕ አጋብቶ ጩኸት የሚያዋልድ? ፉሪ ውስጥ አንድ አለ። እኔ ነኝ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግቢዬ ውስጥ አዲሱን የፓንክ ሥራዬን ስቀርጽ፣ ዓይኔን ጨፍኜ በድምፅ ማጉያው «ኡኡ!» እያልኩ ደረቴን ደቃሁ። ጥበብ መስዋዕትነት ትጠይቅ የለ? ዓይኔን ስገልጥ ግቢው በጎረቤት ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ የእድሩን ድንኳን ተሸክመዋል። ልቅሶውማ ምቴን ይዞልኛል! ሙዚቃዬ ሰው ሲያስለቅስ የመጀመሪያው ስለነበር፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለማቋረጥ ሳሳሁ።

የእድራችን ሊቀመንበር ኦቦ ገመቹ ትከሻዬን ያዙኝ። «ማል ታቴ፣ ምን ሆንክ ልጄ? ማን ሞተብህ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም፣ ኦቦ። ሙዚቃ ነው።»

ድንኳኑን አዩ፣ እኔን አዩ። «ይህን ሁሉ ሰው ካወጣህማ ጩኸትህን በከንቱ አታባክን። ጡሩምባ ነፊያችን አርጅተዋል፤ ቦታቸውን ያዝ።»

ይኸው ዛሬ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ነኝ። ድምፄ ሲሰማ ሰፈሩ ነቅሎ ይወጣል። ስሞት ይገባቸዋል እል ነበር፤ ለካ ሌላ ሰው ሲሞት ነው። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሌላው ሙዚቀኛ ሲጨርስ «ይደገም!» ይባላል፤ የእኔ ታዳሚዎች ግን አንገታቸውን ደፍተው «አይድገመው» ይላሉ።